ወጌሻዋ ልጇን አላሽም ያለች ጊዜ

አይናለምን ስምንት ቀን ጠልቻታለሁ። እሷም ታውቀዋለች፤ በጠራራ ፀሐይ ከመንገድ ማዶ ሆኜ፣ ሰው እየሰማ፣ አፌ ያመጣውን ሁሉ ብያታለሁ። ከዚያ በፊት ግን አሥራ አንድ ዓመት ተዋደን ኖረናል፤ እኔ ከድንበር ማዶ፣ ዶካ ገበያ ዳር ባለችው ሱቄ፣ እሷ ከሱቄ ትይዩ ባለችው የቆርቆሮ ቤቷ። ስኳር ሲያልቅባት ልጇ ሉላ ብርጭቆ ይዛ ትሻገራለች፤ እኔም ራስ ምታት ሲነሳብኝ አይናለም መጥታ ማጅራቴን ትይዝልኛለች። እሷ ክርስቲያን ነች፣ እኔ እስላም ነኝ፤ በዒድም በፋሲካም አንዳችን ከሌላችን ቤት አንጠፋም።

አይናለም ወጌሻ ነች። ሙያውን ቋራ ሳለች ከአባቷ ነው የወረሰችው። የሉላ አባት የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ልጅቱ ገና ጡት ሳትጥል በወባ ሞተ፤ ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ የሚኖሩት በአይናለም ሁለት እጆች ነው። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከመተማ፣ ከአርማጭሆ፣ ከቋራ የሚመጡ ሠራተኞች ዶካን ይሞሏታል። ጎንበስ ብለው ሲያጭዱ ውለው ወገባቸው ይያዛል፤ ጆንያ ሲያነሱ ትከሻቸው ይወልቃል፤ ከመኪና ሲዘሉ ቁርጭምጭሚታቸው ይዞራል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ "የወጌሻዋ ቤት የት ነው?" እኔም ሚዛኔን ሳልለቅ በአገጬ እጠቁማቸዋለሁ።

ስታሽ ማየት እወድ ነበር። በሯ ከባንኮኒዬ ፊት ለፊት ነው። የሰሊጥ ዘይቱን ከእኔው ገዝታ መዳፏ ላይ ታሞቀዋለች፤ የታመመውን ቦታ በአውራ ጣቷ ትፈልጋለች፤ ስታገኘው ከታች ወደ ላይ ሦስት ጊዜ ትስበዋለች፣ አራተኛው ላይ ጣቷን ጠምዘዝ አድርጋ ትጫናለች። ሰውየው ይጮሃል። ከዚያ ላቡን ጠርጎ ይነሳል። ይህን አሥራ አንድ ዓመት ሲያዩት ዓይን ውስጥ ይቀራል። ማንም ሳያስተምረኝ ተምሬው ነበር።

ጠባይዋን ካነሳን፣ አይናለም ምስጋና አትወድም። በተለይ ደሴ ሲያመሰግናት አትወድም። ደሴ የገበያው ጫኝ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ጆንያ ተሸክሞ መሰላል ሲወርድ እግሩ አዳልጦት የጭኑ ሥጋ ተበጠሰ፤ ጓደኞቹ በእጃቸው አንጠልጥለው አምጥተውት አይናለም የዚያኑ ዕለት አሸችው፤ በማግስቱ ቆመ። ዛሬም ያነክሳል፤ ቢሆንም በሱቄ ደጃፍ ለሚያልፈው ሁሉ፣ "እቴ አይናለም ባትኖር ኖሮ ይኼ እግር ተቆርጦ ነበር!" እያለ ጭኑን ይመታል። እሱ ይህን ሲል እሷ ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ትገባለች። ትሕትና ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም፣ "እኔ ብሆን ቁጭ ብዬ ነበር የምሰማው" ብዬ እስቅባት ነበር።

ባለፈው አጨዳ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። የሉላ ዕድሜ ዘጠኝ ነው። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ ይባላል፤ እሷ ግን ሳትጠግብም ትዘላለች። አህያ የሚጎትተው ጋሪ፣ ካሮ የምንለው፣ በመንገዳችን ባለፈ ቁጥር ልጆቹ ከኋላው ሮጠው ይንጠለጠሉበታል። እናቷ መቶ ጊዜ ከልክላታለች። ጠዋቱንም፣ "ካሮ ላይ ተንጠልጥለሽ ባገኝሽ እግርሽን እሰብረዋለሁ!" ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሉላ አንድ እግሯን ካሮው ላይ አሳረፈች፣ ሌላው መሬት ላይ ነበር። አህያው ደነበረ። ካሮው አንደኛውን እግር ይዞ ሄደ፣ ሌላው እዚያው ቀረ። ልጅቱ መንገዱ መሀል ተቀምጣ የቀኝ ጭኗን ኋላ ይዛ ስትጮህ በባንኮኒው ላይ እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም። ተሸክሜ ለእናቷ ሰጠኋት።

አይናለም መጀመሪያ አጥንቱን ዳሰሰች። ጉልበቷን አጠፈች፣ ዘረጋች። ከዚያ የጭኗን ኋላ በሁለት ጣት ነካ አደረገችውና ልጅቱ ስትጮህ እጇን ሰበሰበች።

"አጥንቱ ደህና ነው" አለች። "ሥጋው ነው የተቀደደው።"

እኔ ይህን ጊዜ ሮጬ የዘይቱን ጠርሙስ ይዤ ተመልሻለሁ።

"መልሺው" አለችኝ።

"ምን?"

"መልሺው ሳፊያ። አይታሽም።"

በዚያው በካሮው ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ሐኪሙም አልተሰበረም አለ፤ ጡንቻው ነው፣ ትረፍ፣ ቀዝቃዛ ነገር ያዙበት፣ በፋሻ ጠቅልሉት፣ ከፍ አድርጋ ትተኛ፣ አትሹት አለ። የሚዋጥ ሰጥቶ ሸኘን። በረዶ የሚሸጠው ሰውዬ ዘንድ መብራት ከጠፋ ሳምንቱ ነው፤ ስለዚህ አይናለም ከደጃፏ ካለው ዚር፣ ውሃ ከምናቀዘቅዝበት ገንቦ፣ ጨርቅ እየነከረች ትይዝላት ጀመር። ልጅቱን በገመድ በተጠለፈ አልጋ፣ በአንገረብ ላይ አስተኝታ፣ እግሯን በትራስ ከፍ አድርጋ፣ በሩ አጠገብ ጥላ ውስጥ አኖረቻት።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ንዴት የጀመረው። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሠራተኞች መጡ፤ አንደኛው የባቱ ሥጋ ማታውን የተሳበበት ነው። አይናለም ዘይቷን አሙቃ፣ አውራ ጣቷን አስገብታ፣ ሦስቴ ወደ ላይ ስባ አሸችው። ልጇ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተኝታ እያየች! ሰውየው ሲወጣ ተሻገርኩ።

"ይኼ ልጅ የመጣው በምን ታሞ ነው?"

"ባቱ ተስቦ።"

"መቼ?"

"ትናንት።"

"ሉላስ መቼ ነው የታመመችው?"

"ትናንት።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ምን?" አለችና እጇን መታጠብ ቀጠለች።

እንዲህ ያለ መልስ ከሚሰጠኝ ሰው ጋር እንዴት ልነጋገር? ሰፈሩም ማውራት ጀመረ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች አሉ። ለባዳ የተዘረጋ እጅ ለወለደችው ታጠፈ አሉ። ደሴ ራሱ እያነከሰ መጥቶ፣ "እቴ አይናለም፣ እኔን ያዳነ እጅ ለሉላ ይጠፋል?" ቢላት ባልዲውን አንስታ ገባች። ሦስተኛው ቀን ላይ የልጅቱ ጭን ኋላ ጠቁሮ ነበር። እናትየው ጨርቅ ትቀይራለች፣ ፋሻ ትፈታለች፣ ፋሻ ታስራለች። ከዚያ ሠራተኛ ይመጣል፤ ታሻለች። ልጅቱ ታያለች።

በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ አይናለምን ከከተማ ውጭ ካለው ካምቦ፣ የእርሻ ሠራተኞቹ ከሚያድሩበት ሰፈር፣ መጥተው ጠሯት። "ሉላን እዪያት፣ እንዳትነሳ" ብላኝ ሄደች። ብስኩት ይዤ አንገረቡ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቱ ብስኩቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣

"ኻልቶ፣ ዩማ ዘዕላና ነች" አለችኝ። እዚህ የተወለዱ ልጆች ሆድ ሲብሳቸው በአረብኛው ነው የሚቀናቸው፤ አክስቴ፣ እናቴ ተቀይማኛለች ማለቷ ነው።

"ለምን ትቀየምሻለች?"

"ካሮ ላይ ስለወጣሁ። እግርሽን እሰብረዋለሁ ብላ ነበር። ስለዚህ ነው የማታሸኝ። ሰዎቹን ሁሉ ታሻለች፣ እኔን ግን እጇ አይነካኝም።"

ወላሂ፣ ልቤ ተሰነጠቀ። ይህን በዚያው ቀን ለአይናለም ብነግራት ኖሮ የማወራው ነገር ባልኖረ። አልነገርኳትም። ተናድጄ ነበር፤ የተናደደ ሰው ደግሞ ትክክል መሆኑን እርግጠኛ ነው። ተነሳሁ፣ ሱቄ ገብቼ ዘይት በሲኒ ቀዳሁ፣ መዳፌ ላይ አሞቅሁት። ፋሻውን ፈታሁ። በአውራ ጣቴ ቦታውን ፈለግሁ። ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ሳብኩ፣ አራተኛው ላይ ጠምዝዤ ተጫንኩ።

ልጅቱ የአንገረቡን ገመድ ነክሳ አለቀሰች። ሲያበቃ ግን በእንባዋ መሀል ሳቀችልኝ። "ልክ እንደ ዩማ ነው" አለች። ሀቁን ልናገር፣ ኮራሁ። እግሯን በሳሙና ጨርቅ ጠርጌ፣ ፋሻውን እንደነበረ አስሬ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪ አልኳት። ካምቦ ውስጥ የታመመው ብዙ ስለነበር አይናለም በየቀኑ ቀትር ላይ ትሄድ ነበር። እኔም በየቀኑ አሸሁ።

እግሩ ባሰ። በስድስተኛው ቀን ጭኑ አብጦ ፋሻው ጠበበው፤ ሲነኩት ይፋጃል፤ ልጅቱ ጉልበቷን መዘርጋት አቃታት። የአይናለምን ንዴት ያየሁት ያኔ ነው። ጨርቁን ዚር ውስጥ እየነከረች፣ "ተነስተሻል! እኔ ስሄድ ተነስተሽ ትሮጫለሽ!" ብላ ትጮህባታለች። "ወላሂ አልተነሳሁም!" ትላለች ልጅቱ። "አትዋሺኝ! እንዲህ የተኛ እግር መብረድ ነበረበት! ስድስት ቀን! ምን ያላደረግሁት አለ?" ደግሞ ትጠቀልለዋለች፣ ደግሞ ትፈታዋለች። ማታ ማታ በሩ ላይ ቁጭ ብላ በጣቷ ቀን ስትቆጥር አያት ነበር። ሲያናድደኝ! አንድ ጊዜ ብታሻት የሚያልቅ ነገር ይመስለኝ ነበርና።

በሰባተኛው ቀን ካምቦ ከመሄዷ በፊት የልጅቱን እግር በነጠላዋ ከአንገረቡ ጋር አሰረችው። ይህን ሳይ ትዕግሥቴ አለቀ። ከባንኮኒዬ ሆኜ፣ ገበያተኛው ቆሞ እየሰማ፣

"ልጅ ነች እኮ፣ ፍየል አይደለችም!" ብዬ ጮህኩ። "አንቺ ሴትዮ፣ ያንቺ እጅ ለከፈለ ሰው ብቻ ነው የተፈጠረው? የእንጀራ እናት እንኳ እንዲህ አታደርግም!"

አይናለም ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ነጠላውን አጥብቃ ቋጥራ ሄደች። እኔም ሄጄ፣ ቋጠሮውን ሳልፈታ፣ ከበፊቱ ይልቅ አጠንክሬ አሸሁ።

በስምንተኛው ቀን ዓሥር ሰዓት ገደማ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ሱቅ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ። አላየቻቸውም።

"እጅሽን አምጪ" አለችኝ።

ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ ሰጠኋት። መዳፌን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች። ከዚያ አውራ ጣቴን ይዛ አገላብጣ አየችው።

"ጭኗ ላይ ሦስት መስመር አለ" አለች። "ከታች ወደ ላይ። ጫፉ ላይ ደግሞ የጣት ክብ። የእኔ አስተሻሸት ነው። አባቴና እኔ ካልሆንን እንዲህ የሚያሽ የለም፤ አባቴ ደግሞ ሞቷል። ከማን ተማርሽው?"

"ካንቺ" አልኳት።

"ስንት ቀን?"

"አምስት።"

ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ብትመታኝ በተሻለኝ። የሳሙና ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። ደንበኞቹ የገዙትን ሳይዙ ወጡ። ከዚያ ከደጃፍ ጆንያ ሲያወርድ የነበረውን ደሴን ጠራችው።

"ደሴ፣ ና። እግርህን ስጠን።"

ደሴ እየሳቀ ገባ፤ ሊመሰገን የተጠራ መስሎታል። አይናለም አውራ ጣቴን እንደያዘች ሱሪው ላይ፣ ጭኑ ላይ ጫነችው። "ፈልጊ" አለችኝ። ፈለግሁ። ለስላሳ ሥጋ ውስጥ አንድ ነገር ጣቴን መለሰው። በወፍራም መፋቂያ ልክ የሆነ፣ ደረቅ፣ የማይንቀሳቀስ። አጥንት ነው፤ አጥንት በሌለበት ቦታ።

"ይኼን እኔ ነኝ ያበቀልኩት" አለች አይናለም።

የደሴ ሳቅ ፊቱ ላይ ቀረ። "ምኑን?"

"አባቴ፣ የተቀደደ ሥጋ እሳቱ ሳይወጣለት አይነካም ይል ነበር። ደም እንደቋጠረ ያሹት እንደሆነ አንዳንዱ አጥንት ይሆናል። እዚህ አገር ስመጣ ለመጣው ሁሉ እነግረው ነበር፤ ሂድ ተኛ፣ አሥራ አምስት ቀን ቆይተህ ና። ማን ይሰማኛል? ሌሊት መኪናው ወደ እርሻ ይወጣል፤ ያልሄደ ከሥራ ይባረራል። 'ምን ዓይነት ወጌሻ ነች የማታሽ' እያሉ ሰድበውኝ ሌላ ጋ ይሄዳሉ። አንድ ዓመት ተከራከርኩ። ሰለቸኝ። አንተ ስትመጣ ሰልችቶኝ ነበር ደሴ። አሺኝ ብለህ አለቀስክ፣ አሸሁህ።"

"ቆምኩ እኮ ግን! በማግስቱ ቆምኩ!"

"ቆምክ። እስከ ዛሬም የምታነክሰው ስለዚያ ነው።"

ደሴ ጭኑን ዳሰሰ። አሥር ዓመት ሲመታው የኖረውን ቦታ አሁን በቀስታ ነካው። ያወረደውን ጆንያ መንገድ ላይ ትቶ ሄደ።

አይናለም ወደ እኔ ዞረች። "ከዚያ ወዲህ ሁሉንም አሻለሁ። አብዛኛው ይድናል፣ አንዳንዱ አይድንም፣ ያልዳነው ተመልሶ አይመጣም። በልጄ ግን እምቢ አልኩ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ እምቢ ብል፣ የገዛ እጄ ባንቺ በኩል ዞሮ ገባባት።"

ያልነገርኳትን ነገርኳት፤ ልጅቱ ያለችውን። ተቀይማኛለች፣ ስለዚህ ነው የማትነካኝ ማለቷን። አይናለም ይህን አታውቅም ነበር። አፏ ተከፍቶ አየችኝ፤ ከዚያ ካርቶኑን ገፍታ ተነስታ ተሻገረች። አንገረቡ ላይ ወጥታ ነጠላውን ስትፈታ ከባንኮኒዬ አየሁ። መዳፏን በልጅቱ ጭን ላይ አሳረፈችው። ሳትጫነው፣ ሳትስበው፣ ዝም ብላ።

"ዩማ፣ አታሺኝም?" የሉላ ድምፅ ነው።

"አላሽሽም። አልተቀየምኩም፣ ግን አላሽሽም። እጄ እዚሁ ይቆያል።"

ያን ጊዜ ወገቡን የያዘ ሠራተኛ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አይናለም እጇን ሳታነሳ በአገጯ መለሰችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘይት ከእኔ አልገዛችም። ሰላምታ ትመልሳለች፤ ሌላ የለም። ካምቦም መሄድ ተወች። ትኩስ የተቀደደ ሥጋ ይዞ የመጣውን ሁሉ፣ "ተኛና ና" እያለች ትመልሳለች፤ እነሱም እንዳለችው እየሰደቧት ይሄዳሉ። ደሴ አራት ቀን ጠፍቶ በአምስተኛው መጣ። ሰላም ሳይል የአይናለም ደጃፍ ላይ ተቀመጠ፤ አንድ ሠራተኛ "ካላሸሽኝ" ብሎ ሲጨቃጨቅ እጁን ጎትቶ የገዛ ጭኑ ላይ አስያዘው። "ንካ" አለው። "ነካህ? በል አሁን ሂድና ተኛ።" ሰውየው አልተኛም፤ ሌላ ጋ ሄደ። ደሴ ግን በማግስቱም መጥቶ ተቀመጠ።

እኔ ቀን እቆጥራለሁ። ሌሊት አውራ ጣቴን ሳየው ያ የደሴ አጥንት ይሰማኛል። የሉላ እብጠት በረደ፤ ጥቁረቱ ወደ ቢጫ ተቀየረ፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግድግዳ ይዛ ተራመደች። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው ግን የእናቷ ጣት ብቻ ነው። መጠየቅ ፈራሁ።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ጠዋት አይናለም መጥታ ባዶ ጠርሙስ ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጠች።

"ዘይት" አለች።

ስቀዳ ግማሹን ባንኮኒው ላይ አፈሰስኩት። "ውስጡስ? አጥንት አበቀለ?" አልኳት።

"ነይ" አለችኝ።

ሉላ አንገረቡ ላይ በሆዷ ተኝታ ነበር። አይናለም አውራ ጣቴን ያዘች። ጭኑ ለስላሳ ነው፤ ሳልፈራ ወደ ላይ ወሰድኩት፤ ለስላሳ፣ ለስላሳ። "አልሐምዱሊላህ" ልል አፌን ስከፍት ጣቴ ቆመ። ሽምብራ የምታህል ነገር፣ ውስጥ፣ ደረቅ።

"አገኘሽው?"

"አገኘሁት።"

"የደሴው የእኔ ነው" አለች። "ይቺ ያንቺ ነች።"

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እዚያው አንገረቡ ላይ አለቀስኩ። አይናለም እስክጨርስ ጠበቀችኝና መዳፌ ላይ ዘይት አፈሰሰችልኝ።

"አሁን ጊዜው ነው" አለችኝ። "በቀስታ። ጠዋት ጠዋት ሱቅሽን ከመክፈትሽ በፊት አንቺ ታሺያታለሽ። እስክትሟሟ።"

"ባትሟሟስ?"

"ታሺያታለሽ።"

ይኸው አምስት ወር ሆነ፤ በየጠዋቱ እሻገራለሁ። ሉላ አታነክስም፤ ብርድ ያለ ቀን ብቻ እግሯን ጎተት ታደርጋለች፣ ያን ጊዜ ዓይኔን የማደርግበት አጣለሁ። ትናንት ከካሮ ኋላ ስትሮጥ አይተናት እኔና አይናለም ከየደጃፋችን እኩል ጮህን። ሽምብራዋ ገና አለች።